የሰፈራችንን ሬዲዮ ማን ይሰማዋል?

የሰፈራችን ሬዲዮ ላይ ማንበብ የጀመርኩት ፍቅር ይዞኝ አይደለም፤ ጠርጥሬ ነው።

አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደ ሌላው ግቢ ሁሉ የጋራ ቤት አለ፤ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ ድግስ ሲኖር ወጥ የሚሠራበት፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የእድሩ ወንበርና ድስት ተቆልፎ የሚቀመጥበት። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ጠዋት ሰዎች መጥተው ጣሪያው ላይ ረጅም ብረት ሲያቆሙ አየሁ። ወረድኩና "ምንድነው እሱ?" አልኳቸው።

"የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው።"

"የማን?"

"የእናንተ ነዋ፣ እናቴ!"

ወይ ጉድ! እኔ መቼ ሬዲዮ ጣቢያ አማረኝ አልኩ? በዕድሜዬ "የእናንተ ነው" ተብሎ የተሰጠኝ ነገር ሁሉ መጨረሻው ስብሰባ ነው። ልጅ ሆኜ ደሴ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ነበር። እሱም የእኛ ነው ይባል ነበር። ጎህ ሲቀድ በመዝሙር ይቀሰቅሰናል፣ ቀጥሎ ዜና ያነብልናል፣ ቀጥሎ ማን የት መገኘት እንዳለበት ያዝዛል፤ የቀረ ወዮለት። አባታችን ቀድመው ስላረፉ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከማጉያው ሥር ስናልፍ ጆሮዬን በሁለት መዳፉ ግጥም አድርጎ ይይዝልኛል። ለምን ስለው "ከጀርባው ማን እንዳለ ሳታውቂ ምን አስቸኮለሽ?" ይለኛል። ጥርጣሬን የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ጎበዝ ተማሪም ነበርኩ።

መምህርት ሆኜ ገጠር ስመደብ ደግሞ ሬዲዮ ተከትሎኝ መጣ። ትምህርት በሬዲዮ የሚባል ነገር ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ፣ ውስጡ ያለችው ሴት ታስተምራለች፣ እኔ የክፍሉ አለቃ እንደሆንኩ ተረስቶ ጥግ እቆማለሁ። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም፣ አልክድም። ግን ሴትዮዋ ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ዝም ብላ "በጣም ጥሩ! ትክክል ናችሁ!" ትላለች። ከልጆቹ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ኧረ አንዳንዴ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ጥያቄውንም የሰማ የለም። እሷ ግን በጣም ጥሩ! እኔ በሳቅም በንዴትም እሞታለሁ። መቼ ነው ሬዲዮ የሰውን መልስ የሚሰማው እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ የጋራ ቤታችን ላይ ብረት ሲቆም ያየችው። ሥራ አስኪያጁ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ትልቁ ጣቢያ ውስጥ በቴክኒሻንነት አርጅተው የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው። ነዋሪውን ሰብስበው "እኛ የመንግሥትም የነጋዴም አይደለንም፤ የንግድ ማስታወቂያ አንሠራም፤ የሚመሩን እናንተ የምትመርጧቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ነገር ሸተተኝ። የሚሸጠው ነገር የሌለው ሰው በዚህ ኑሮ ውድነት ማሠራጫ የሚተክለው ምን ፈልጎ ነው? እጄን አወጣሁና "ከጀርባዎ ማን አለ?" አልኳቸው።

ጋሼ ዞር ብለው ግድግዳውን አይተው "የእድሩ ድስት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ደህና፣ ውስጥ ገብቼ አያለሁ አልኩና በማግሥቱ ተመዘገብኩ። ድምፄ ጥርት ያለ ነው ተባለና የማለዳ ማስታወቂያ ተሰጠኝ። ውኃ በየትኛው ብሎክ መቼ እንደሚመጣ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የክትባት ቀን፣ የእድር ጥሪ፣ የቀብር ቦታና ሰዓት። ከጀርባ ያለውን ሰው ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ ዓመታት አለፉ። ማንንም አላገኘሁም። ያገኘሁት ሰዓቴን ነው። ባሌ ካረፈ፣ ልጄም ለሥራ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የምነሳበት ምክንያት እሱ ሰዓት ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን እናገራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያብከነክነኝ ነበር፤ ማን ይሰማናል? ጋሼ "ይሰማሉ" ይላሉ። በምን ያውቃሉ? አንድ ጠዋት በአየር ላይ "የምትሰሙኝ ካላችሁ በረንዳችሁ ላይ ነጭ ነገር አንጠልጥሉ" አልኩ። ጨርሼ ስወጣ ግቢው በነጭ ተንቆጥቁጧል! አንሶላ፣ ነጠላ፣ ሸሚዝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ እንባዬ መጣ። ደረጃውን ስወጣ ነው ቅዳሜ መሆኑና ሰው ሁሉ ልብስ ማጠቡ ትዝ ያለኝ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ወሬ ተነሳ። የፕሮግራም ሰዓቶች እንደገና ሊደለደሉ ነው፣ ለወጣቶች ፕሮግራም ድጋፍ የሚሰጥ ተገኝቷል፣ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ነው። የወጣቶቹን ፕሮግራም የምታዘጋጀው ሲኤምሲ ሰፈር ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ሥራዋን ትችላለች፣ ግን ሦስት ቃል በአማርኛ ከተናገረች አራተኛው እንግሊዝኛ ነው። ቀደም ብላ "ቲቸር፣ የማለዳው ስሎት እኮ ፕራይም ታይም ነው" ብላኝ ነበር። ስሎት አለችው። የእኔን ሰዓት! ያን ቀን ነው ልቤ የቆረጠው፤ ይቺ ልጅ ዓይኗን ጥላበታለች።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። እንደ ልማዴ በጠዋት ስደርስ ጋሼ ወደ ጣቢያው በሚያስወጣው ደረጃ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እሳቸው ሰው ደጅ ላይ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም።

"ዛሬ አትገቢም፤ ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል" አሉኝ።

"ታዲያ ማን እያወራ ነው?" አልኩ። በመስኮቱ የልጅቷ ድምፅ ይሰማል።

"እሱ... የእሷ ሌላ ነው።" ዓይኔን አያዩም። የምንቀርጽበትን መሣሪያ በከረጢት አድርገው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ይልቅ ይቺን ወሎ ሰፈር ለጠጋኙ አድርሽልኝ፤ ድምፅ አልይዝ ብላለች። አንቺን ነው የማምነው።"

እኔን ነው የሚያምኑት! በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ያልሰጡትን ዕቃ! ልጅቷ ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። "ምን ሆና ነው?" ስል ጋሼ "አለርጂ ነው" አሉ። ይሁን ብዬ፣ የሆዴን በሆዴ ይዤ ሄድኩ።

ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከቦሌ ወሎ ሰፈር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠጋኙ መሣሪያውን ከፈተው፣ ሞከረው፣ ዘጋው። "ማዘር፣ ይሄ እኮ ምንም የለበትም" አለኝ።

"እንዴት የለበትም?"

"የለበትማ! የእርስዎን ድምፅ ራሱ አሁን ቀርጿል፤ ይስሙት።" አሰማኝ። "እንዴት የለበትም" ይላል፣ የተቆጣ የአሮጊት ድምፅ።

እዚያው ቆሜ ነገሩን አሰላሁት። አባረሩኝ ማለት ነው። በሥራ አሳበው ከጣቢያው አራቁኝ፣ በሌለሁበት ልጅቷን አስገቡ፣ እሷም ይሉኝታ ይዟት አለቀሰች። ነገሩ እንደ ቁልፍ ተገጣጠመልኝ። ለወንድሜ ደወልኩ። ስናደድ የምደውለው ለእሱ ነው፤ ደሴ ሆኖ ሰፈራችንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ለሁሉም ነገር "ከጀርባው ማን አለ?" ይልና ያስቀኛል። ስልኩ ዝግ ነው። የሚስቱም ዝግ ነው። ወደዚያ ኔትወርክ መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ እሱም ላይ ተናደድኩ። ሰው በሚፈለግበት ቀን እንዲህ ይጠፋል?

ስመለስ ሲኤምሲ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ሾፌሩ የእኛን ጣቢያ ከፍቷል። እሰይ፣ ልስማና ጉዳቸውን ልያዝ ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁና "እባክህ ድምፁን ከፍ አድርገው" አልኩት። ሰውዬው በመስታወቱ አየኝ፣ ደነገጠ፣ ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

"ምነው?"

"ባትሪ ይበላል" አለ። የመኪና ሬዲዮ! ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት መስኮቱን ማየት ያዘ።

ግቢው በር ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ከእኔ ጋር ሳትጨቃጨቅ ቲማቲም ሸጣ አታውቅም። ያን ቀን ምርጥ ምርጡን ለቅማ ሰጠችኝ። ስጨቃጨቃት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። እቤቴ ስደርስ ደግሞ ሬዲዮዬ የለም። ፊት ለፊት በር ያለችው ጎረቤቴ፣ ወሎ ሰፈር ሱቅ ያላት የትግራይ ሴት፣ የቤቴን መለዋወጫ ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት። ጠየቅኳት።

"የኔ ተበላሽቶብኝ ወሰድኩት" አለች።

"አንቺ ሬዲዮ ትሰሚ ነበር እንዴ?"

"ጀመርኩ" አለችና በሯን ዘጋች።

ኧረ በሕግ አምላክ! ጎረቤቴም ገብታበታለች። ኮሚቴው ውስጥ አለች እኮ። ይሄን ሁሉ ዓመት በር ለበር ኖረን፣ ስታመም አስታማኝ፣ ሆዷን አላውቀውም ማለት ነው። ያን ቀን እራቴን አልበላሁም።

አርብ የባሰ ሆነ። ደረጃ ላይ ሰው ቆሞ ያወራል፣ እኔ ስመጣ ጭጭ። ውኃ አልመጣም ብሎ ጠዋት ጠዋት የሚጮህብኝ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ እንኳ ዕቃዬን ካልተሸከምኩ አለ። ጋሼ ደውለው "እስከ እሑድ እረፊ" አሉኝ። "እረፍት ማን ጠየቀዎት?" ብዬ ዘጋሁባቸው። ወደ ማታ ጎረቤቴ በር ላይ ኮቴ ሰማሁ። በሬ ላይ ባለው ቀዳዳ ሳይ ጋሼ ይገባሉ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ይገባሉ፣ ልጅቷም ትገባለች። ኮሚቴው እኮ ነው! ያለ እኔ፣ ከደጄ ፊት ለፊት!

ሄድኩና በሩን ደበደብኩት። ጎረቤቴ ስንጥቅ ታህል ከፍታ ወጣች።

"ምንድነው ስብሰባው?"

"ስለ ውኃ ነው።"

"ስለ ውኃ ከሆነ እኔም ውኃ እጠጣለሁ! አሳልፊኝ።"

"በሞቴ፣ ቲቸርዬ፣ ዛሬ ተይኝ። ነገ እንነጋገራለን።" እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝና በሯን ቆለፈች። ጥፋተኛ ናት፣ ትቆልፍ አልኩ በልቤ። ቤቴ ገብቼ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ስንት ዓመት በነፃ እንዳገለገልኩ፣ ሕዝብ የመረጠው ኮሚቴ በጓዳ እንደማይሰበሰብ፣ ሰዓቴንም በሕይወቴ እንደማልለቅ። እንደ ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበነብኩት፣ ምላሴ ላይ ለሰለሰ።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ በሬ ተንኳኳ። መጡ አልኩ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ አፌን አሟሽቼ፣ በሩን በረገድኩት።

"ሰዓቴን አልሰጥም!" አልኩ።

ፊት ለፊት የቆመችው ልጄ ናት። ሐዋሳ መሆን የነበረባት ልጄ። ለአንዲት ቅጽበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሷንም የጠሯት እኔን እንድታግባባ መሰለኝ። "አንቺ ደግሞ ምን አግብቶሽ ነው?" ልላት ስል ከኋላዋ ጎረቤቴን አየሁ። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጋሼ ጋቢ ለብሰዋል፣ ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል። እዚህ አገር ተወልጄ፣ ስንቱን ሰው በጎህ እንዲህ በሩ ላይ ቆሜ አርድቼ፣ የምን ሰዓት! ገባኝ። "ማን?" አልኩ። ልጄ "አጎቴ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ ጩኸቴ ሲኤምሲ ተሰማ ብለው የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ወንድሜ ረቡዕ ማታ ድንገት ልቡ ቆሞ፣ ሐሙስ ተቀበረ። ዘመዶች የደወሉት ለልጄ ነው፣ ልጄ ለጎረቤቴ። "ቀብሩን አስመለጣችሁኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። መንገዱ አያስኬድም ነበር አሉኝ። እውነት ነው፣ በዚያ ሰሞን አያስኬድም ነበር። እስካሁን ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበላቸውም፤ ጆሮዬን የያዘልኝን ሰው አፈር ማልበስ ነበረብኝ።

ድንኳን ተጣለ። ሰው መጣ፣ ሰው መጣ፣ አላልቅ አለ። የማላውቀው ሰው ሁሉ። ከሌላ ብሎክ፣ ከሌላ ግቢ፣ ከሲኤምሲ ማዶ። ሐዘን ላይ ሆኜ እንኳ አመሌ አልተወኝም፤ እየጠራሁ "አንተ ደግሞ ከማን ሰምተህ መጣህ?" እላለሁ። ሚኒባስ ሾፌሩ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። "ከሬዲዮ" አለኝ። አትክልት ሻጯም "ከሬዲዮ" አለች። አንድ በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌም "ከሬዲዮ፣ ልጄ"።

ልጅቷን ጠራኋት። ለካ ሐሙስ ጠዋት እኔን ወሎ ሰፈር ልከው፣ በእኔው ሰዓት ያነበበችው እሷ ናት። ድገሚልኝ አልኳት። እንቢ አለች፣ ከዚያ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል ደገመችልኝ። "የማለዳ ማስታወቂያ የሚያነቡልን ቲቸር ታላቅ ወንድማቸው ደሴ ላይ አርፈዋል። እሳቸው ገና አልሰሙም። መርዶው ልጃቸው ስትደርስ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ እንዳይሰሙብን አደራ። እሳቸው ወዳላችሁበት ከመጡ ሬዲዮውን ዝጉልን።"

ምስጢርን በሬዲዮ መንገር! ከእኛ ሰፈር ሌላ ይሄን የሚያስብ የት ይገኛል? ሐሳቡ የጎረቤቴ ነው አሉኝ። ወደ እነሱ አገር ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ዘመን አባቷ ሞተው፣ መስመሩ የተከፈተ ቀን ነው በስልክ የሰማችው፤ ሱቋ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ ብቻዋን። "ሰው መርዶ እንዲህ አይረዳም" ብላ ኮሚቴውን አስለቀሰችው። ጋሼ "አንዱ ቢያመልጠውስ?" ቢሏት "አያመልጠውም፣ ይሰማሉ" አለቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አንድም ሰው አላመለጠውም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ፊት እያየሁ ሌባ ስፈልግ ሰነበትኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። ሰዓቴ እንዳለ ነው። ድልድሉንም እኔ እስክመለስ ብለው አቆይተውታል፤ ልጅቷ የከሰዓቱን ጠይቃለች። ውጡልኝ ብዬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የማነበው ለአስተዛዛኞቼ ምስጋና ነው። ማይክሮፎኑን ከፈትኩት።

አፌ እንቢ አለኝ። ዓመታት ሙሉ ማን ይሰማኛል እያልኩ ስለፈልፍ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን ሾፌሩ መሪውን ይዞ፣ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ፣ ጎረቤቴ በሬዲዮዬ እየሰሙኝ እንደሆነ አወቅሁ። አየሩ ዝም አለ። ጋሼ በመስታወቱ ወዲያ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ዝምታን እንደ እሳት ነው የሚፈሩት፣ ግን ንክች አላደረጉኝም።

ያኔ ከታች፣ ከግቢው በር፣ የአትክልት ሻጯ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

"አይዞዎት ቲቸር! እየሰማን ነው!"

አንገቴን በመስኮቱ አወጣሁና "ዝም በይ እንግዲህ! ማስታወቂያ እየተነበበ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ ከየበረንዳው ሰማሁት።